ቶምቦሎ ምንድን ነው? ፔኚስኮላን ከየብስ ያያያዘው አሸዋ

ቶምቦሎ ማለት በባሕር ውስጥ ያለችን ደሴት ከየብስ ጋር የሚያያይዝ፣ ሞገድ ራሱ የከመረው የአሸዋ ወይም የጠጠር አንገት ነው። ቃሉ የጣሊያንኛ ሲሆን «ጉብታ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ከሩቅ ለሚያያት ደሴቲቱ ተራ ባሕረ ገብ መሬት ትመስላለች። ልዩነቱ የሚታወቀው መሬቱ ሲቆፈር ነው፤ ጫፉ አለት፣ አንገቱ ግን አሸዋ ብቻ ነው።

በስፔን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከቫሌንሲያ በስተሰሜን ያለችው ትንሿ ፔኚስኮላ ጥሩ ማሳያ ናት። ስሟ ራሱ «ደሴት ለመሆን ጥቂት የቀረው» ማለት ከሆነው የላቲን ቃል የተወረሰ ነው። አሮጌው ከተማ የተሠራበት የኖራ ድንጋይ አለት እስከ 64 ሜትር ከፍ ይላል። የቴምፕላር ፈረሰኞች የሚባሉት የመስቀል ጦርነት ወታደር መነኮሳት እ.ኤ.አ. ከ1294 እስከ 1307 በአናቱ ላይ ግንብ ሠሩ፤ በ1411 ደግሞ ሮም ያልተቀበለችው ጳጳስ ቤነዲክቶስ 13ኛ መጥቶ ከተመበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየብስ የሚመጣ ጠላት መግቢያው ያ ጠባብ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ለጠባቂዎቹም ከአለቱ ሥር የሚፈልቅ ንጹሕ ውሃ ነበራቸው። ድሮ ማዕበል ሲበረታ ሞገዱ አሸዋውን ተሻግሮ ስለሚያልፍ ከተማዋ ለጊዜው ደሴት ትሆን ነበር።

አሸዋው እዚያ እንዴት ተከማቸ? ወንዝ መሐል ካለ ትልቅ ቋጥኝ ኋላ ውሃው ረግቶ ደለል ሲያስቀምጥ ያየ ሰው ግማሹን ተረድቷል። በባሕር ላይ ግን ሌላም ነገር አለ። ሞገድ ደሴቲቱን ሲያገኝ በሁለቱም ጎን ይታጠፍና ከኋላዋ ይገናኛል፤ ከግራም ከቀኝም የገፋውን አሸዋ ጉልበቱ ባለቀበት ቦታ ይጥለዋል። በመጀመሪያ የየብሱ ዳርቻ እንደ ምላስ ወደ ደሴቲቱ ያብጣል። ቀጥሎ ከውሃ በታች የአሸዋ ጀርባ ይሠራል፤ በመጨረሻም ይህ ጀርባ ከውሃው በላይ ይወጣል።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። ደሴቲቱ ከየብሱ ያላት ርቀት ከራሷ ርዝመት 1.5 እጥፍ ካልበለጠ፣ አሸዋም ካለ፣ ቶምቦሎ ሊሠራ ይችላል። እስከ 3.5 እጥፍ ድረስ ምላሱ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ብዙም ለውጥ አይታይም። ስለዚህ 400 ሜትር የምትረዝም ደሴት 600 ሜትር ርቃ ብትገኝ ልትያያዝ ትችላለች፤ 1,400 ሜትር ከራቀች ግን ተስፋ የላትም። የሜድትራንያን ውሃ በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው በአብዛኛው በጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር በመሆኑ፣ ሞገዱ አንድ ከፍታ ላይ ደጋግሞ እየሠራ አሸዋውን በቀላሉ ይከምረዋል።

ሰው ሥራውን ያፋጠነበት ቦታም አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ በባሕር መካከል እንዳለች የምናውቃት ጢሮስ ደሴት ነበረች። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ለሰባት ወራት ሲከባት በባሕሩ ላይ የድንጋይ መንገድ ሠራ። በቦታው የተቆፈረው ደለል ሲመረመር ግን መንገዱ የተዘረጋበት የአሸዋ ጀርባ ቀድሞውኑ ከውሃው ወለል 1 ወይም 2 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ነበር። መንገዱ የባሕሩን ጅረት ሲዘጋው አሸዋው በሁለቱም በኩል ተከመረ፤ ዛሬ የከተማዋ ሰፈሮች እዚያ ላይ ናቸው።

ችግሩ የሚመጣው ከተማ አንገቱን እንደ ጽኑ መሬት ቆጥራ ስታድግ ነው። በፔኚስኮላ አለቱ ሲሞላ ወደቡ በደቡብ በኩል ተሠራ፤ ሆቴሎቹ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የሰሜኑ ዳርቻ፣ በባሕሩና ከኋላ ባለው ረግረግ መካከል ተደረደሩ። የአሸዋ ጉብታ ለማዕበል ጊዜ የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ ሞገድ ይወስዳል፣ በጸጥታው ወራት ይመልሳል። በላዩ ሕንፃ ከቆመ ግን የሚወሰድ ትርፍ አሸዋ አይኖርም፤ ማዕበሉ ዳርቻውን ራሱን ይቆርሳል። የወደብ ግንብም አሸዋውን በአንድ ጎኑ አጠራቅሞ ሌላውን ጎን ያስርባል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ለመዝናኛ ተብሎ የሚደረገው ጽዳት ነው፤ ፖሲዶኒያ የሚባለው የባሕር ሣር ቅጠል ደርቆ ዳር ላይ ሲከመር ሞገድ ያበርዳል፣ በጫኝ ማሽን ሲጠረግ ግን ከነአሸዋው ይሄዳል።

የጉድጓድ ውሃም ጥንቃቄ ይሻል። በአሸዋ ውስጥ ጨዋማ ያልሆነው ውሃ በጨዋማው ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል፤ በፓምፕ ብዛት የላይኛው ውሃ ወለል 1 ሜትር ሲወርድ ጨዋማው ከሥር በ40 ሜትር ያህል ሊወጣ ይችላል።

አንዳንዴ አንገቱ ሁለት ይሆንና በመካከሉ ሐይቅ ይዘጋል። በጣሊያን ኦርቤቴሎ ሐይቁ በአማካይ 1 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጠልቅ በሙቀት ኦክስጅን ያጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በጋ ብዙ ዓሣ አልቋል። በፈረንሳይ ዢያን ደግሞ ምዕራባዊው አንገት በጣም ቀጥኗል፤ በላዩ የሚያልፈው የጨው መንገድ በብርዱ ወራት፣ ማዕበል በሚበዛበት ጊዜ፣ ለመኪና ይዘጋል።