ሕዋስን በኢንክጄት ማተም ምንድን ነው?

ሕዋስን በኢንክጄት (ቀለምን በጠብታ በሚረጭ ፕሪንተር) ማተም ማለት፣ በፕሪንተሩ ካርትሪጅ ውስጥ በቀለም ፋንታ ሕያዋን ሕዋሳት ያሉበትን ፈሳሽ ሞልቶ፣ በኮምፒውተር በተነደፈው ቅርጽ መሠረት ጠብታ በጠብታ በየቦታቸው ማሳረፍ ነው። ዓላማው ለሕክምና ወይም ለመድኃኒት ሙከራ የሚውል ሕብረ ሕዋስ መሥራት ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ክሌቤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሕዋሳት የሚጣበቁበትን ፋይብሮኔክቲን የተባለ ፕሮቲን በኢንክጄት ፕሪንተር በማተም፣ ሕዋሳት የት እንደሚሰፍሩ መወሰን እንደሚቻል አሳየ። ሕዋሳቱን ራሳቸውን በማተም ረገድ ስማቸው የሚነሳው ግን በአሜሪካው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቶማስ ቦላንድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የተራ ፕሪንተር ካርትሪጅ ከፍተው ቀለሙን አጥበው ካጸዱ በኋላ ሕዋሳት ሞሉበት፤ በወረቀት ምትክም ሶያ አጋር ከተባለ የሚረጋ ንጥረ ነገርና ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ጄል ዘረጉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ሃምስተር ከምትባለው የአይጥ ዘመድ ከተወሰዱት ሕዋሳት በኅትመቱ የፈረሱት ከ8 በመቶ በታች ነበሩ።

ይህ ውጤት የሚያስገርመው የፕሪንተሩን አሠራር ለሚያውቅ ነው። በካርትሪጁ ውስጥ ያለው ትንሽ ማሞቂያ ለጥቂት ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ከ200 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ ከላዩ ያለው ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ተንኖ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋውም ጠብታውን በቀዳዳው ገፍቶ ያስወጣዋል። ሆኖም ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ አረፋው ስለሚከስም ሕዋሳቱ የሚሞቁት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ፒዞኤሌክትሪክ የሚባለው ሌላው የኢንክጄት ፕሪንተር ዓይነት ደግሞ በኤሌክትሪክ በሚለጠጥና በሚኮማተር ቁስ ስለሚገፋ ሙቀት አያስፈልገውም።

በእኔ እይታ ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ፈሳሹ ነው። ቀዳዳው በአሥሮች በሚቆጠር ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) የሚለካ በመሆኑ የሚያሳልፈው ቀጭን ፈሳሽ ብቻ ነው፤ በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ሕዋሳት ይዘቅጣሉ፣ ቀዳዳውንም ይደፍናሉ። አንዱ ጠብታ ሦስት ሕዋስ ሲይዝ ቀጣዩ ባዶውን ሊወድቅ ይችላል። በዚያ ላይ ቀጭን ፈሳሽ ካረፈበት ይፈስሳል እንጂ አይቆምም። መፍትሔው ከወደቀ በኋላ እንዲረጋ ማድረግ ነው፦ ከባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት ካልሲየም ክሎራይድ ሲነካው ወዲያው ጄል ይሆናል፤ አንዱ ንብርብር ሲረጋ ሌላው ከላዩ ይታተማል።

ንብርብሩ ግን እንደልብ አይወፍርም፤ ኦክስጅን ከደም ሥር ርቆ የሚደርሰው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ፣ የደም ሥር የሌለው ወፍራም ሕብረ ሕዋስ ከመሐሉ ይሞታል። ስለዚህም ዘዴው ይበልጥ የሚመቸው እንደ ቆዳ ላሉ ስስ ሕብረ ሕዋሳት ነው።