ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የኬኒ ዳልግሊሽስ?

ይህን ተረት እስከ መጨረሻው የሚለው ሰው ጥቂት ነው። «እንግዲህ ሲሮጡ የታጠቁት...» ይባልና ይተዋል፤ ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል። በአጭር ትውውቅ ሰርግ ሲደገስ ይባላል። ተጣድፎ የተሠራ ቤት ሲሰነጠቅ ይባላል። ኳስ ወዳዶች ዘንድ ደግሞ የታወቀ ጊዜ አለው። ውድድሩ ተጋምሶ አንድ ክለብ ጭንቅ ይይዘዋል። የድሮ ኮከብ አጥቂውን ከቴሌቪዥን ተንታኝነት ጠርቶ «ና አሰልጥንልን» ይለዋል። ያኔ አንዱ ተረቱን ይጀምራል፣ ሌላው ይስቃል።

ተረቱን እወደዋለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይወረወራል ባይ ነኝ። ለዚህ የምጠራው ምስክር ስኮትላንዳዊው የኳስ ተጫዋችና አሰልጣኝ ኬኒ ዳልግሊሽ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ትጥቁን እንየው። ተረቱ የመጣው ወገብ በጨርቅ ይታሰር ከነበረበት ኑሮ ነው። ሴቷ መቀነት፣ ወንዱ ድግ ይታጠቃል። ድግ ረጅም ጨርቅ ነው፤ ወገብን ደጋግሞ ይዞራል። ዘለበት የለው፣ ቁልፍ የለው። የሚይዘው ዙሩ ስለጠበቀና ጫፉ ስለተወሸቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆም ማለት ይፈልጋል። ሆድን ሳብ አድርጎ እያንዳንዱን ዙር ማጥበቅ ይጠይቃል። ጨርቁ ረዘም ካለ ደግሞ ሌላ ሰው ጫፉን ወጥሮ ይይዛል፤ ታጣቂው እየዞረ ይጠመጠምበታል። ይህችን ጫፍ ያዥ አትርሷት፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ሰውዬው እየሮጠ ነው እንበል። ትንፋሹ ሲወጣና ሲገባ ሆዱ አብሮ ይነፋል፣ ይጎድላል። ዙሩ ላላ ብሎ ይቀራል። ለጊዜው ግን የያዘ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ሩጫው ሲብስ ነው። አንድ እጁ ጋሻ፣ ሌላው ጦር ይዟል፤ በየትኛው እጁ ያጥብቀው?

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ከሚለው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያፈሰሰ ሰው ቁጭ ብሎ መልቀም ይችላል። ጊዜ ያባክናል እንጂ እህሉ እዚያው አለ። እየሮጠ የተፈታበት ግን መቆሚያ የለውም። ተረቱ የሚወቅሰው ችኮላን ብቻ አይደለም፤ ሳያቆሙ መቀጠልንም ነው። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ብዙዎቻችን እንዘለዋለን።

ተረቱ ልክ እንደ ተለካ የሚገጥመው ለአላን ሺረር ነው። በፕሪሚየር ሊግ 260 ጎል ያስቆጠረ አጥቂ ነው፤ ክብረ ወሰኑን የነካበት የለም። ለኒውካስል ብቻ በሁሉም ውድድሮች 206 ጎሎች አሉት። በኤፕሪል 2009 ክለቡ ሊወርድ አፋፍ ላይ ቆሞ ጠራው። የቀሩት 8 ጨዋታዎች ነበሩ። 1 አሸነፈ፣ 2 አቻ ወጣ፣ 5 ተሸነፈ። በመጨረሻው ቀን በአስቶን ቪላ ሜዳ፣ ቪላ ፓርክ ላይ አቻ ቢወጡ ይተርፉ ነበር። ኳሷ የራሳቸውን ተጫዋች ዴሚያን ደፍን ነክታ ገባች፤ 1 ለ 0፣ ወረዱ። ሺረር ከዚያ ወዲህ የትም አላሰለጠነም።

ሁሉም ተረቱን በሺረር ላይ አነበበው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ታጣቂው ማነው? በዚያው የውድድር ዘመን ኬቨን ኪጋን፣ ጆ ኪኒየርና ክሪስ ሂውተን ቡድኑን ይዘውታል። ሺረር አራተኛው ነው። እየሮጠ ሲታጠቅ የከረመው ክለቡ ነው። ሺረር ድጉ ነው እንጂ ሯጩ አይደለም።

ወደ ዳልግሊሽ እንምጣ። በ1951 ግላስጎው ተወለደ። በሴልቲክ አደገ፤ በ1977 ሊቨርፑል በ440,000 ፓውንድ ገዛው፣ በጊዜው የብሪታንያ ክብረ ወሰን ነበር። ወደ ሃምቡርግ የሄደውን ኪጋንን ተክቶ 7 ቁጥርን ለበሰ። ፈጣን አልነበረም። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ ይይዛል፣ ተከላካዩን ጀርባው ላይ ያቆየዋል፣ ከዚያ ለአጥቂው ለኢያን ራሽ መንገድ ይከፍታል። በ1978 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ብሩዥን ያሸነፉባት ጎል ጠባዩን ታሳያለች። ኳሷ ደረሰችው፤ በረኛው ተጣድፎ ወጣ። ዳልግሊሽ አልመታም። ትንሽ ጠበቀ። በረኛው ሲወድቅ ከፍ አድርጎ በላዩ ላይ አሳለፋት። አስቡት፣ የተረቱ ተቃራኒ የሆነ ሰው ነው!

ይህ ሰው ነው እየሮጠ እንዲታጠቅ የተደረገው። ሜይ 29 ቀን 1985 ብራስልስ፣ ሄይሰል ስታዲየም። የሊቨርፑልና የጁቬንቱስ ፍጻሜ ከመጀመሩ በፊት በተነሳው ግርግር 39 ሰዎች ሞቱ። አሰልጣኙ ጆ ፋጋን ቀድሞም ሊለቅ ወስኖ ነበር። በማግስቱ ዳልግሊሽ ተጫዋች አሰልጣኝ ሆኖ ለጋዜጠኞች ቀረበ። 34 ዓመቱ ነው። አሰልጥኖ አያውቅም። ትናንት አብረውት መልበሻ ክፍል የቀለዱ ጓደኞቹን ዛሬ «አንተ ተቀመጥ» ሊል ነው። የእንግሊዝ ክለቦችም ከአውሮፓ ታገዱ። ተረቱን ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ቀን አልነበረም።

አልተፈታም። በመጀመሪያው ዓመት ሊጉንና የኤፍኤ ዋንጫን አንድ ላይ ወሰደ። ሊጉን ያረጋገጠችውን ጎል ራሱ አገባት፤ ሜይ 3 ቀን 1986፣ ስታምፎርድ ብሪጅ፣ በደረቱ አውርዶ መሬት ሳትነካ መታት። ቼልሲ 0፣ ሊቨርፑል 1። ከሳምንት በኋላ ኤቨርተንን 3 ለ 1 ረቱና ዋንጫው ተደገመ።

ለምን ያዘ? ጫፍ ያዥ ነበረዋ! በሦስት የአውሮፓ ዋንጫ የታወቀው የቀድሞ አሰልጣኝ ቦብ ፔዝሊ አማካሪ ሆኖ አጠገቡ ተቀመጠ። የክለቡ ነባር ረዳት አሰልጣኞች ሮኒ ሞራንና ሮይ ኢቫንስም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እነዚህ ሰዎች በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ውስጥ ጫማ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል፣ በቡት ሩም፣ ሻይ ይዘው ስለ ጨዋታው ሲያወሩ ዓመታት አሳልፈዋል። ዳልግሊሽ አዲስ ነው፤ ቤቱ ግን አዲስ አልነበረም። ከውጭ ላየው የሚሮጥ ይመስል ነበር እንጂ ጨርቁን የወጠሩለት ሰዎች ቆመው ነበር።

በእርግጥ ሥራውን ሁሉ ለሌላ መስጠት ግፍ ነው። በ1987 ራሽ ወደ ጁቬንቱስ ሲሄድ ቡድኑን በጆን ባርንስ፣ በፒተር ቤርድስሌይና በጆን አልድሪጅ እንደገና የሠራው እሱ ነው። ያ ቡድን ከውድድሩ መጀመሪያ አንስቶ 29 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄደ። በ1988 እና በ1990 ሊጉን ደገመው።

ግን ተረቱ «ይፈታል» አለ እንጂ መቼ እንደሆነ አልተናገረም።

ኤፕሪል 15 ቀን 1989፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም። በመጨናነቁ የ97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወት ጠፋ። ዳልግሊሽ ከቀብር ቀብር ሄደ፤ በአንድ ቀን አራት ቀብር ላይ የቆመበት ጊዜ ነበር። ቤተሰቦችን አጽናና፣ ልምምድ አሠራ፣ ጨዋታ መራ። ቆም የሚልበት ጊዜ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1991 ጉዲሰን ፓርክ ላይ ከኤቨርተን ጋር አራት ጊዜ መርተው አራቴ ተያዙ፤ 4 ለ 4። መለወጥ ያለበትን ነገር እያየ ውሳኔ መስጠት እንዳቃተው በኋላ ተናግሯል። ከሁለት ቀን በኋላ ለቀቀ። ቡድኑ የሊጉ መሪ ነበር!

ለእኔ የተረቱ እውነተኛ ፍቺ ይህ ነው። ድጉ የተፈታው ባለሙያ ስላልነበረ አይደለም። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድም ቀን ቆሞ አላጠበቀውም።

ከዚያ ወራት አረፈ። በኦክቶበር 1991 ሁለተኛ ሊግ የነበረውን ብላክበርንን ያዘ፣ አሳደገው። ሺረርን ያስፈረመው ያኔ ነው። በ1995 በሺረር 34 ጎሎች ሊጉን በ89 ነጥብ አሸነፉ፤ ማንቸስተር ዩናይትድ 88 ነበረው። የመጨረሻውን ቀን አንፊልድ ላይ ተሸንፈው ዋንጫ ማንሳታቸው ደግሞ ለብቻው የሚወራ ነው። በ1997 ኪጋንን ለሁለተኛ ጊዜ ተካው፣ አሁን በኒውካስል አሰልጣኝነት። ብዙ አልዘለቀም።

አንድ ማሳሰቢያ ጣል ላድርግ። ተረቱ «ቆመው የታጠቁት አይፈታም» አላለም። የእኛው መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎሎች አሉት፤ በ1962 ፍጻሜ የመጨረሻዋን ጎል ያገባ አጥቂ ነው። በ1982 ሊቢያ ላይ ብሔራዊ ቡድናችንን ሲያሠለጥን እየሮጠ የታጠቀ አልነበረም። ቡድኑ ግን በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል አላገባም። በዚህ ላይ ተረት መጥቀስ አይመቸኝም።

ዳልግሊሽ በጃንዋሪ 2011 እንደገና ተጠራ፤ ውድድሩ ተጋምሶ፣ ሮይ ሆጅሰን ተሰናብቶ፣ ሊቨርፑል ጭንቅ ይዞት። ከአሰልጣኝ ወንበር ከራቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2012 የሊግ ካፕ ዋንጫ አመጣ፣ በኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ በቼልሲ ተሸነፈ፣ በሊጉ 8ኛ ወጣ፣ በሜይ ተሰናበተ። ተረቱን ለዚህኛው ጊዜ ቢያውሉት አልከራከርም። ፔዝሊ በ1996 አርፏል። ቡት ሩምም በ1993 ፈርሶ የጋዜጠኞች ክፍል ሆኗል።