ደረቅ ዝንብ፦ ከአውራ ዶሮ አንገት እስከ ትራውት አፍ

በሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት የቆመ ሰው ዓሣ የሚያዝበት ዘዴ ሁሉ ዓይኑ ሥር ያለ ይመስለዋል። ማታ የተጣለው መረብ በጣውላ ጀልባ ተጭኖ ይመለሳል፤ ቆሮሶው ተዘርግፎ ይገፈፋል፤ አባ ኮዳዎቹ አንጀቱ እስኪወረወርላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ለአምባዛ ደግሞ ምግብ የተሰካበት መንጠቆ አለ። ደረቅ ዝንብ ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ መረብም አይደለም፣ የሚበላም ነገር የለበትም። በትንሽ መንጠቆ ላይ ክር፣ ጸጉርና ላባ እየተጠመጠመ የሚሠራ፣ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ትራውት የተባለውን ዓሣ የሚያታልል የነፍሳት ምስል ነው። “ደረቅ” የተባለው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ከሚጠመድበት “እርጥብ ዝንብ” ለመለየት ነው።

ይህ ጥበብ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ እምብዛም አይሠራም። ትራውት ቀዝቃዛና አየር የጠገበ የወራጅ ውሃ ዓሣ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ለእርሱ ይሞቃል። ያደገ ቆሮሶ ደግሞ በአብዛኛው የሚኖረው በውሃ ውስጥ በሚገኙ ደቃቅ እፅዋት ስለሆነ ወደ ላይ ወጥቶ ዝንብ የመልቀም ልማድ የለውም። ከሐዋሳ ተነስቶ ትራውት የሚፈልግ ሰው በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ወደ ባሌ ተራሮች መውጣት አለበት። በዲንሾ አካባቢ የሚወርዱት የወይብና የደንካ ወንዞች ትራውት አላቸው። ዓሣው የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ኬንያም ብትሆን ከስኮትላንድ ያስመጣችው በ1905 ነበር። ኬንያ ከዓሣው ጋር ሙያውንም ስለወረሰች፣ እዚያ የሚታሰሩ ዝንቦች ዛሬ በውጭ ገበያ ይሸጣሉ።

ዘዴው ራሱ ጥንታዊ ነው። ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። ዝንቡን አድርቆ፣ አንሳፎ፣ ከዓሣው በታች ቆሞ ወደ ወንዙ ላይኛው አቅጣጫ መወርወር ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን ሥራ ነው። ፍሬድሪክ ሃልፎርድ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን እንደ ሕግ ደነገገው፦ ትክክለኛውን ነፍሳት ለይ፣ ልክ እርሱን አስመስለህ እሰር። ሃልፎርድ የሚያጠምደው እንደ መስታወት በጠራና በተረጋጋ ወንዝ ላይ ስለነበር አልተሳሳተም። አሜሪካዊው ቴዎዶር ጎርደን ከእርሱ የተላኩለትን ዝንቦች በኒውዮርክ ግዛት ፈጣን ወንዞች ሲሞክር ግን ጠንከር ያለ፣ ብዙ ላባ ያለው ዝንብ እንደሚያስፈልግ ተረዳ። የባሌ ወንዞች በድንጋይ መካከል እየተጋጩ የሚወርዱ ናቸውና ለእነርሱ የሚቀርበው የጎርደን መንገድ ይመስለኛል።

ዝንቡን የሚያንሳፍፈው የአውራ ዶሮ አንገት ላባ ነው። ለበዓል ከገበያ የተገዛ አውራ ዶሮ አንገቱ ላይ ረጃጅም፣ ቀጫጭንና የሚያብረቀርቁ ላባዎች አሉት። አንዱን ነቅለው ከጫፉ ወደ ታች ቢያሹት ቃጫዎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተለያይተው ይቆማሉ። ላባው በመንጠቆው ዙሪያ ሲጠመጠም እነዚህ ቃጫዎች በየአቅጣጫው ይዘረጋሉ። የውሃ ገጽ እንደ ስስ ቆዳ የተወጠረ ነው፤ ቃጫዎቹ በጫፋቸው ይረግጡታል እንጂ አይበሱትም። የሴት ዶሮ ላባ ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይመጥጣል፤ ስለዚህ ለእርጥብ ዝንብ ይተዋል። ለወጥ የሚታረደው አውራ ዶሮ በፈላ ውሃ ተነክሮ ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፤ ዝንብ አሳሪ ግን የአንገቱን ቆዳ ከነላባው ገፍፎ ያደርቃል። የባለሙያዋ 12 ብልት ላይ አንድ ይጨምራል ማለት ነው።

የተራ ዶሮ ላባ ቃጫው ስለሚረዝም ለትናንሽ መንጠቆ አይመጥንም። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ለላባ ብቻ ተብለው የሚዳቀሉ አውራ ዶሮዎች አሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የእነዚሁ ዶሮዎች ላባ የሴቶች ጸጉር ማስጌጫ ፋሽን ሆኖ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ፣ ዓሣ አጥማጆች ከጸጉር ቤቶች ጋር ሲሻሙ ከርመዋል።

በዓለም ከታወቁት ደረቅ ዝንቦች አንዱ “አዳምስ” ይባላል፤ በ1922 ሌናርድ ሃላዴይ በሚሺጋን የሠራውና በወዳጁ ስም የጠራው ነው። ለሐዋሳ አንባቢ ቀለሙ እንግዳ አይሆንም፦ ቀይና ገብስማ። ሥራው የሚጀምረው 14 ቁጥር መንጠቆ በትንሽ ሞርሳ በማሰር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ ይሏል። በሰም የታሸ ቀጭን ክር ከመንጠቆው ቀዳዳ ኋላ ጀምሮ ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። ለክንፍ ሁለት የገብስማ ላባ ጫፎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ለጅራት ከቀዩም ከገብስማውም ጥቂት ቃጫ ይታሰራል። ለሰውነቱ ግራጫ የእንስሳ ጸጉር በክሩ ላይ በጣት ተፈትሎ ይጠመጠማል፤ ጀማሪ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያበዛዋል። በመጨረሻ ቀይና ገብስማ ላባ አንድ ላይ በክንፎቹ ፊትና ኋላ ይዞራሉ። የቃጫው ርዝመት ከመንጠቆው አፍ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይበቃል፤ ከረዘመ ዝንቡ ይገለበጣል፣ ካጠረ ይሰምጣል። ለቋጠሮው ከቀዳዳው ኋላ ትንሽ ቦታ መተው አለበት። ያ ቦታ ካልተተወ የማጥመጃው ክር የሚገባበት ቀዳዳ በላባ ይደፈናል፤ የግማሽ ሰዓት ልፋትም በምላጭ ተቆርጦ ይጣላል።

አዳምስ የትኛውንም ነፍሳት ለይቶ አይመስልም፤ ግን ብዙዎቹን ይመስላል። ስለ ቀለም የሚደረገው ክርክር ማለቂያ ባይኖረውም፣ በእኔ ግምት ዓሣው በቅድሚያ የሚያየው አቀማመጡን፣ ቀጥሎ መጠኑን ነው፤ ቀለም ከሁለቱም በኋላ ይመጣል። ዓሣው ከታች ወደ ሰማይ ሲመለከት የሚታየው ጥላና በውሃው ገጽ ላይ የተረገጡት ትናንሽ ነጥቦች ናቸው። ዝንቡ ከወንዙ ፍጥነት ጋር እኩል ካልሄደና የማጥመጃው ክር ጎትቶት ኋላው መስመር ከሠራ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር ትራውት አይነካውም።

አንድ ዓሣ ከተያዘበት በኋላ ዝንቡ በልጋግ ይለበጣል፣ መስጠምም ይጀምራል። አጥማጁ በወንዙ ውሃ ያጥበዋል፣ በጨርቅ ጨምቆ እፍ ይልበታል፣ ከዚያ ውሃ ሳያስነካ ሁለት ሦስት ጊዜ አየር ላይ ወዲያና ወዲህ ያወናጭፈዋል። ጠብታው ተበትኖ ቃጫዎቹ ሲቆሙ፣ ዝንቡ እንደገና ደረቅ ነው።