«ሲስተር፣ የእኔ ነገር አበቃ»፦ ስለ ጤና ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ነርስ ስለሆንኩ ጎረቤቶቼ «ሲስተር» ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ተቀምጠን የጎረቤቴ ልጅ የእናቷን ግፊት ስትለካ አየኋት። መጀመሪያ አሳረፈቻት። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። «እማዬ፣ እስክጨርስ አታውሪ» አለቻት። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፈች። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ እኔ ስለካ እያየች ነው የለመደችው።

«አንቺማ ነርስ መሆን አለብሽ» ስላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሲስተር፣ የእኔ ነገር አበቃ። ሃምሳ አላመጣሁም» አለችኝ። ቡናው እስኪበርድ አወራን። ያወራነውን ልጻፈው፤ የኮዬ ፈጬውም የጀሞውም ልጅ የሚሰማው ያንኑ ወሬ ነውና።

«ሃምሳ ያላመጣ ጤና አይማርም»

በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶ ያስፈልጋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ይህን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው? በፍጹም። ቤተ ሙከራው ተቆልፎ የኖረበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ስንት አለ!

ከዚያ በኋላ ሪሚዲያል መጣ። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ ያሟላ ተማሪ ተጨማሪ ትምህርት ወስዶ፣ ፈተናውን ካለፈ፣ ዲግሪውን ይጀምራል። ይህም ካልተሳካ በቴክኒክና ሙያ በኩል የጤና ሙያ በደረጃ መማር አለ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፎ፣ ሥራ ይዞ፣ ቆይቶ ወደ ዲግሪ ማሳደግ። እኔ የመጣሁት በዚህ ነው። ቀን ተረኛ፣ ማታ ተማሪ ነበርኩ። ያደክማል። ግን ያደርሳል።

«የሀብታም ልጅ ትምህርት ነው»

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ወጪውን ቀድሞ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት አሠራር ክፍያውን ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ያደርገዋል። የኛን ሰፈር ልጆች የሚያስቀራቸው ትንሽ የሚመስለው ወጪ ነው። የታክሲ፣ የጋውን፣ የፎቶ ኮፒ። ለልምምድ ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ታክሲ፣ ያውም በየቀኑ። እድራችን በዓመት ለአንድ ልጅ ትራንስፖርት ቢያዋጣ ምን ይለዋል? ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ።

«ዶክተር ካልሆኑ ምን ዋጋ አለው»

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችን እና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በማሠልጠን ነው። አገሪቱ ያኔ በጣም ያስፈለጓት እነሱ ነበሩ። ዛሬም ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ ስትደርስ የምትቀበላት አዋላጇ ናት።

«የገጠርና የዳር አገር ልጅ አይችለውም»

እዚሁ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ደስታ መንደር፣ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፈተ። ተማሪዎቹን የሚመርጠው ከገጠር ነው፤ ወጪያቸውን ሸፍኖ በዲግሪ ያስተምራቸዋል። እነሱም ተመልሰው የመጡበትን አካባቢ ያገለግላሉ።

ማሚቱ ጋሼን ደግሞ አስቡ። ፊስቱላ (በተራዘመ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት) ይዟት ለሕክምና የመጣች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች የገጠር ልጅ ነበረች። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ካቋቋሙት ሐኪሞች፣ ከሐምሊን ባልና ሚስት፣ ጎን ቆማ እየረዳች ቀዶ ሕክምናውን ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። ዛሬ በዚያ መንገድ ፈቃድ አይገኝም፤ ሊገኝም አይገባም። እኔን የሚገርመኝ ግን እጇን አይቶ ዕድል የሰጣት ሰው መኖሩ ነው።

«የትም ይሁን፣ ዋናው ወረቀቱ ነው»

ይህ በጣም ጎጂው ነው። አንዲት ዘመዴ ሁለት ዓመት ከፍላ ከተማረች በኋላ ኮሌጁ ለዚያ ሙያ እውቅና እንደሌለው ያወቀችው ሲኦሲ ልትመዘገብ ስትሄድ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። የኮሌጁን ስም ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙንም ጠይቁ። ዲግሪ የሚማሩ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለባቸው። የሙያ ፈቃድ ፈተናም ለብቻው አለ።

ሰኞ ጠዋት ከልጅቷና ከእናቷ ጋር ስለ ምዝገባ ልንጠይቅ እንሄዳለን። ትናንት ማታ ትራንስክሪፕቷን በፕላስቲክ ማህደር አድርጋ አሳየችኝ። የእናቷን ግፊት የምትጽፍበትን ደብተርም አብራ ከታዋለች።