የሦስተኛ ወገን መድን ምንድን ነው? የቅጣት ደረሰኝስ ለምን አይተካውም?

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ ስለ ትራፊክ ደንብ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ሦስተኛ ወገን ለባለመኪናው ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም፤ ስለዚህ ለትራፊክ ለማሳየት ብቻ የሚገዛ ወረቀት ነው፤ ሳይኖርህ ብትያዝ ቅጣቱን ከፍለህ ትገላገላለህ።» ተመሳሳይ አባባል ከባጃጅ ሾፌሮችም፣ ከጭነት መኪና ባለንብረቶችም፣ አንዳንዴም ይሻላሉ ከምንላቸው ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በመድን ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎችን የሚያናድደን አባባሉ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ባለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሐረግ ትክክል ነው፤ ከእርሱ የተመዘዘው መደምደሚያ ግን ብዙ ቤተሰብ ለዕዳ ዳርጓል።

የሦስተኛ ወገን መድን ለባለመኪናው የማይከፍለው ለእርሱ ጉዳት የተገባ ውል ስላልሆነ ነው፤ «ሦስተኛ ወገን» የሚባለው ከባለመኪናውና ከመድን ኩባንያው ውጭ ያለ፣ በመኪናው የተጎዳ ሰው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከኃላፊነቱ አያመልጥም። እንግዲህ መኪና ያለው ሰው ሁሉ፣ ለማን እንደሚከፍለውና መጠኑ ስንት እንደሚሆን ገና የማያውቀው ዕዳ ሊመጣበት ይችላል። መድን ሰጪው ኩባንያ ለዚህ ዕዳ ዋስ ሆኖ የሚቆም አካል ነው። ዋስ የሚከፍለው ለአበዳሪው እንጂ ለተበዳሪው እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ «ዋሴ ለእኔ ምንም አልሰጠኝም» ብሎ የሚያማርር ተበዳሪም አላጋጠመኝም።

ይህን የዋስ ነገር ትንሽ ልግፋበት፣ ብዙ የሚያስረዳ ነውና። ዋስ የፈረመበት የገንዘብ መጠን አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው በባለዕዳው ጫንቃ ላይ ይቀራል። የመድን ሽፋኑም ጣሪያ አለው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ ካሳ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። (ለሰው ሕይወት የተመደበው ለተገጨ መኪና ከተመደበው ማነሱ ያኔም አልተዋጠልኝም።) ጣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ከፍ ተደርገዋል፤ ሆኖም ፍርድ ቤት የወሰነው ካሳ ከጣሪያው በላይ ከሆነ ልዩነቱን የሚከፍለው ባለንብረቱ ነው። ዋስ ደግሞ ባለዕዳው አጥፍቶ ለዕዳ ከዳረገው ከፍሎ ዝም አይልም። መንጃ ፈቃድ የሌለው ወይም የሰከረ ሰው ነድቶ ጉዳት ቢያደርስ ኩባንያው ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከደንበኛው የሚጠይቅበት መንገድ አለው። የሕግ ባለሙያ ጓደኞቼ ይህን ምሳሌ ሲሰሙ ይቆጡኛል፤ እውነታቸውንም ነው፣ ምክንያቱም ተራ ዋስ የከፈለውን ሁሉ ከባለዕዳው የማስመለስ መብት ሲኖረው መድን ሰጪ ግን በመደበኛው አደጋ ዓረቦኑን (ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለውን ገንዘብ) ተቀብሎ ሸክሙን ለራሱ ያስቀራል። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ነው የሚያገለግለው።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ። ያለ ሦስተኛ ወገን ሽፋን መንዳትም ሆነ ሌላ ሰው እንዲነዳ መፍቀድ በአዋጁ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ሾፌሩን ብቻ ሳይሆን ቁልፉን የሰጠውንም ይመለከታል። ለዚህ ጥፋት የሚከፈለው ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና የሚገባ ነው። ከእርሱ ላይ አንዲት ሳንቲም ወደ ተጎጂው አትሄድም፤ አንዲት ቀን ሽፋንም አትገዛም። በወንጂ መንገድ ላይ ሽፋን የሌለው ባጃጅ አንዲት እግረኛ ገጭቶ እግሯን ሰበረ እንበል። ባለ ባጃጁ የተጻፈበትን ቅጣት በማግስቱ ቢከፍልም የሴትዮዋ የካሳ ጥያቄ ገና አልተነካም። እርሷ ከመድን ፈንዱ፣ ዛሬ የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ከሚባለው ተቋም፣ ካሳ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ፈንዱ የተቋቋመው ገጭተው ለተሰወሩና መድን ለሌላቸው መኪኖች ተጎጂዎች ጭምር ነውና። ፈንዱ ግን ከፍሎ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ባለ ባጃጁ ያዞራል። «ከፍዬ ተገላገልኩ» ያለው ሰው ከወራት በኋላ መጥሪያ ሲደርሰው የሚደነግጠው ሁለቱን ሒሳቦች አንድ አድርጎ ስለቆጠራቸው ነው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ዓርብ የተቀጣ ሰው ሰኞ ጠዋት መስኮታችን ላይ ቆሞ «ቀኑን ወደ ሐሙስ መልሱልኝ» ይላል። ሽፋን የሚጀምረው በምስክር ወረቀቱ ላይ ከሰፈረው ቀንና ሰዓት ነው፤ ካለፈው ጥፋትም ሆነ ካለፈው አደጋ አያድንም። ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ ጠያቂውንም ጸሐፊውንም በወንጀል ያስጠይቃል። ሰኞ የተገዛው መድን የሚጠቅመው ከሰኞ ወዲያ ላለው መንገድ ነው፤ ዓርብ ለተጻፈው ቅጣት መልስ አይሆንም።

ስለዚህ ቅጣት የተጻፈበት ሰው ከሁሉ በፊት ወረቀቱ የሚለውን በትክክል ማንበብ አለበት፤ በአዳማ ብዙ ጊዜ በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍ ቋንቋውን የማያነብ ሰው በግምት ከመሄድ ይልቅ ለሚያነብ ሰው ያሳየው። ሽፋን ሳይኖር መንዳትና ሽፋን እያለ ማስረጃውን ሳይዙ መንዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ወልቆ ወይም ፀሐይ አደብዝዞት የተቀጣ፣ ውሉ ግን በዚያ ሰዓት የጸና ሰው፣ ከኩባንያው ሽፋኑ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ የምስክር ወረቀቱን ጨምሮ ቅጣቱን ለጻፈው የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያደርግ «ከመጨቃጨቅ» ብሎ ያልፈጸመውን ጥፋት አምኖ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ሥራዬን አልሠራሁም። ብዙ የምስክር ወረቀቶች ቀኑን የሚጽፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «10/03/2025» የሚል ማብቂያ ያየ ሾፌር ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው ብሎ፣ ከዓመቱም ሰባት ቀንሶ፣ እስከ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሽፋን አለኝ ብሎ ሊያምን ይችላል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ይህ ሰው ሳያውቀው ከስምንት ወር በላይ ያለ መድን ይነዳል፤ ትራፊክ ሲያስቆመውም ከልቡ ይከራከራል። መድንዎን ሲያድሱ ጸሐፊው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጎኑ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

ሽፋኑ በእርግጥ ያልነበረ ከሆነ ግን መኪናው መድን እስኪገዛለት ድረስ ከቆመበት መንቀሳቀስ የለበትም። መንጃ ፈቃድ ሲያዝ በምትኩ የሚሰጠው የቅጣት ወረቀት የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ጉዳይ እንጂ የመኪናውን መድን አይተካም። «ወረቀቱን ይዤ እዚሁ አዳማ እስከ ፍራንኮ ሰፈር ብቻ» ብሎ የሚነሳ ሰው በመንገዱ ላይ ቢገጭ ያለ መድን የገጨ ነው። ቦሎም፣ ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት፣ እንደዚሁ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ የሦስተኛ ወገን ማስረጃ ስለሚጠየቅ ብዙዎች ቦሎው ካለ መድኑም አለ ብለው ይገምታሉ፤ ነገር ግን መድኑ ከምርመራው በኋላ ጊዜው አልፎ ቦሎው መስታወቱ ላይ ሊቆይ ይችላል።

መድኑን ሲገዙ መኪናው ለምን አገልግሎት እንደሚውል እውነቱን ይናገሩ። ዓረቦኑ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነትና አገልግሎት ስለሚለያይ ኮድ 2 መኪናቸውን በግል አገልግሎት አስመዝግበው ጠዋትና ማታ በክፍያ ሰው የሚጭኑ አሉ፤ ይህ የሚታወቀው አደጋ ሲደርስ ነው፣ ያኔም ከኩባንያው ጋር የሚደረገው ክርክር ረጅም ነው። ያገለገለ መኪና የገዛም ሰው ስቲከሩን አይቶ ብቻ አይመን፤ ውሉ በማን ስም እንዳለና ከሽያጩ በኋላ መጽናት አለመጽናቱን ኩባንያውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ከአዳማ ተነስተው ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ደግሞ የአገር ውስጡ ሦስተኛ ወገን ድንበር ላይ ስለሚያበቃ፣ ከድንበር ማዶ ለሚያደርሱት ጉዳት የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ፣ ማለትም በአባል አገሮች የሚሠራ የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃ፣ ያስፈልጋቸዋል፤ እርሱም የሚወጣው ከመነሳት በፊት ነው።