የማርሽ ሬሾ ምንድን ነው? የድሮ ላዳ አስፋልት ላይ ለምን ይጮሃል?

ላዳ ከአዘዞ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር ሲያቀና ገና 80 ሳይሞላ ሞተሩ ይጮሃል። ቪትዙ ግን ድምፁ ሳይሰማ ጥሎት ይሄዳል። ብዙ ሰው "ጉልበት ስለሌለው ነው" ይላል። ግማሹ እውነት ነው።

ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚወስኑት የገባው ማርሽ፣ ዲፈረንሻሉ (ዙሩን ቀንሶ ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው የመጨረሻው ጥርስ) እና የጎማው መጠን ናቸው። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ በቀር ሞተሩና ጎማው በጥርስ የተያያዙ ናቸው። በአራተኛ ማርሽ በ80 እስከተነዳ ድረስ ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ዙሩ ያው ነው። የሚለያየው የሚሰጠው ነዳጅ ነው።

ላዳ 2101ን እንውሰድ። (ዳሽቦርዱ ላይ ዙር ቆጣሪ ስለሌለው ሾፌሩ ያለው ጆሮው ብቻ ነው።) አራተኛ ማርሹ አንድ ለአንድ ነው፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የሞተሩን ዙር ምንም አይቀንስም። ዲፈረንሻሉ 4.3 ነው። ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 4.3 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው፤ የማርሽ ሬሾ የሚባለው እንዲህ ያለው ቁጥር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ባለ 13 ኢንቹ ጎማ በደቂቃ ከ900 ጊዜ በላይ ይዞራል። ሲባዛ ሞተሩ ወደ 4,000 ዙር ይጠጋል። በ80 ደግሞ 3,200 ገደማ።

ታዲያ ፋብሪካው ለምን ረዘም ያለ ማርሽ (በዚያው ፍጥነት ሞተሩን ዝቅ ባለ ዙር የሚያስኬድ) አልሰጠውም? ጉልበት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። 1.2 ሊትሩ ሞተር ያለው 60 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፤ እሱንም ሙሉውን የሚያወጣው 5,600 ዙር ላይ ነው። የመኪናው የመጨረሻ ፍጥነት 140 ነው። በ140 ሞተሩ ስንት ይዞራል? 5,600 ገደማ! አጋጣሚ አይደለም። ማርሹ ቢረዝም ኖሮ ሞተሩ ዝም ይል ነበር፤ ትንሽ ዳገት ሲያይ ግን ያቅተውና ሾፌሩ ወደ ሦስተኛ ይመልሰዋል። ትልቅ ሞተር በ2,000 ዙርም የሚተርፍ ጉልበት ስላለው ረጅም ማርሽ አይከብደውም።

ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ ይብስበታል። ስለዚህ "ዲፈረንሻሉን በ3.9 ለውጠው፣ ጩኸቱ ይቀንሳል" የሚለው ምክር ለፎገራ ሜዳ ያምራል። ደባርቅ ለሚመላለስ ሰው ግን እኔ አልመክርም።

ደግሞም 3,200 ዙር ለዚህ ሞተር ሥቃይ አይደለም። ዘይትና ውሃው ይታይ እንጂ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። የሚያሳስበው፣ ማርሽ ሳይቀየር ፍጥነቱ ባለበት ቆሞ ጩኸቱ ብቻ ሲጨምር ነው። ያኔ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነውና ሸራውን ማስፈተሽ ነው።