«ኪኒኑ አደነዘዛት»፦ ስለ ድብርት መድኃኒትና ስለ ድካም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከአዘዞ መጥተው የተጀመረ የአሚትሪፕቲሊን ፓኬት በመስኮቱ አቀበሉኝ። «እባክህ የኔ ልጅ፣ ይህን ውሰድልኝ። ከጭንቀቷ ያወጣታል ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ አደነዘዛት» አሉኝ። ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው አልጠየቁም። ኪኒኑ ከቤታቸው እንዲወጣ ብቻ ነበር የፈለጉት። ልጃቸው መውሰድ ከጀመረች ገና ዘጠነኛ ቀኗ ነበር።

እኒህ እናት የተናገሩትን በየሳምንቱ ከሌሎችም እሰማለሁ። ድካሙ እውነት ነው፣ ማንም አልፈጠረውም። ስለ ድካሙ የምናምነው ነገር ግን ብዙ ሰው ሊድንበት የሚችለውን ሕክምና በጅምር እያስቀረበት ነው።

«የሰጧት የእንቅልፍ ኪኒን ነው»

አይደለም። አሚትሪፕቲሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለድብርት ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። ሥራው ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን በተባሉት የአንጎል መልእክት አመላላሾች ላይ ነው። መንገዱን ሲሄድ ግን አንጎልን ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርገውን ሂስታሚንንም ይዘጋል። ለጉንፋን ወይም ለአለርጂ ክሎርፌኒራሚን ውጦ ሥራ ቦታው ላይ ያንቀላፋ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ምክንያቱ አንድ ነው። እንቅልፉ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ የሕክምናው ዓላማ አይደለም።

የሚያስተኛው ደግሞ የድብርት መድኃኒት ሁሉ አይደለም። ፍሉኦክሴቲን አብዛኛውን ጊዜ ያነቃል፤ ስለዚህም በጠዋት ይታዘዛል። «ኪኒን ሁሉ ማታ ነው» ብለው ሲተኙ የሚውጡት ሰዎች ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድሩና በማግስቱ «መድኃኒቱ አዛለኝ» ይላሉ። ያዛላቸው ያጡት እንቅልፍ ነው።

የአዘዞዋ ልጅ ነገር ሌላ ነበር። አሚትሪፕቲሊኑን የምትውጠው ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ለሥራ የምትነሳው ደግሞ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ በዚያ ሰዓት ገና በሙሉ ጉልበቱ ላይ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ብዙ ጊዜ ሐኪሞች የሚያደርጉት ነገር ኪኒኑን ወደ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት ማምጣት ነው። ካልበቃም መጠኑን ይቀንሱና ቀስ እያሉ ይጨምራሉ፤ ወይም ወደማያስተኛ ዓይነት ይቀይራሉ። ሦስቱም ያዘዘውን ባለሙያ ጠይቆ የሚደረግ ነው።

ብዙዎችን የሚያሸንፈው ግን የጊዜው አቀማመጥ ነው። እንቅልፉና የአፍ መድረቁ በመጀመሪያው ቀን ይመጣሉ፤ የስሜቱ መሻሻል መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ ውጤቱም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ዕዳው ቀድሞ ደርሶ ትርፉ ይዘገያል። የብዙ ሰው ድንዛዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ስለሚቀልል፣ በዘጠነኛው ቀን የሚያቆም ሰው ክፉውን ችሎ ደጉ ሳይደርሰው ይወጣል። ይህን ቀደም ብሎ የነገራቸው ሰው ቢኖር እኒያ እናት ከአዘዞ ድረስ ባልደከሙ ነበር።

ለባጃጅና ለሚኒባስ አሽከርካሪዎች አደራ የምለው አለኝ፦ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚያደርጋችሁ ሳታውቁ መሪ አትያዙ።

«ድካሙ ሁሉ የኪኒኑ ነው»

እናትየዋን «ከኪኒኑ በፊትስ እንዴት ነበረች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ሁለት ወር ያህል ከአልጋ የምትነሳው በግድ ነበር» አሉኝ።

ድብርት ራሱ ያደክማል። ከዋና ዋና ምልክቶቹ አንዱ አቅም ማጣት ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ነገር አለ፦ የመድኃኒቱ ድካም ዓይን የሚከድን እንቅልፍ ነው፤ ከተወሰደበት ሰዓት ጋር ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። የድብርቱ ድካም ግን ዓይን ፈጦ እንኳ እጅና እግርን ያስራል፤ ፊት መታጠብ ተራራ ይሆናል። ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜም ስላለ መለየቱ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም።

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። የደም ማነስ፣ በተለይ በወለዱ እናቶች። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፤ ይህ ድብርት እስኪመስል ድረስ ያፈዝዛል። የስኳር በሽታ። ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ሰው ከድካሙ ጋር ትኩሳት ካለው ወባ መመርመር አለበት፤ ትኩሳቱ ሳምንታት ቆይቶ ክብደት ካስቀነሰና ሆዱን በግራ በኩል ካሳበጠ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ይታሰብ። እንዲህ ያለውን ሁሉ በድብርት ኪኒን ማሳበብ ሕይወት ያስከፍላል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች፣ በተለይ እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉት፣ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያወርዱ ይችላሉ። ድንገት የዛለ፣ ራሱን ያመመውና የሚናገረው የተምታታበት አረጋዊ ቀጠሮውን አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመቁነጥነጥ ስሜት ወይም የሞት ሐሳብ የመጣበት ወጣትም እንዲሁ። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ስለሚጎዳ፣ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቢይዘውና ከልጆች እጅ ቢርቅ መልካም ነው።

«ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይሻላል፤ አለበለዚያ ሱስ ይሆናል»

ቀን መዝለል ድካሙን አይቀንስም። የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሰውነት እንደ አዲስ ሲለምደው ይኖራል። በድንገት ማቆም ደግሞ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቁጣና ቅዠት ሊያመጣ ይችላል። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ይኸው ሱስ ሆኖብኛል» ይላሉ። ሱስ ማለት ግን መጠኑን እየጨመሩ መፈለግና ለማግኘት ሲሉ ሌላውን ሁሉ መተው ነው፤ የድብርት መድኃኒት እንዲህ አያደርግም። የሚቆመውም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው፤ ያውም ሰው ከዳነ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ያህል መድኃኒቱን ሲወስድ ከቆየ ነው።

«ቡና ይፈታዋል»

የጠዋቷን ቡና ማንም አይንካባችሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚጠጡት አቦልና ቶና ግን ሌላ ናቸው፤ ከካፌይኑ ግማሽ ያህሉ እስከ ማታ 4 ሰዓት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የሌሊቱን እንቅልፍ ይሰርቅና የነገውን ድካም ያበዛል። ጫት የባሰ ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲለቅ ድብርቱን ያከብዳል። ጠላና አረቄ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኙ ድንዛዜውን በእጅጉ ይጨምራሉ።

የሚያነቃው የጠዋት ብርሃንና እግር ነው። ጠዋት ለኪዳን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግር ደርሶ መመለስ ለደከመ ሰውነት ከሦስተኛ ስኒ ቡና ይሻለዋል። ዳገቱ ከከበደ እስከ ግማሽ መንገድ ብቻም ይሁን።

«ጾምና ጠበል ከኪኒን ጋር አይሄዱም»

ፍሉኦክሴቲን ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ይወሰዳል፤ የምሽቱን ኪኒን ደግሞ ጾም አያገኘውም። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ ስለምታደርግ የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ለሱባኤ ብለው ቤት ጥለውት የሄዱ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ሲያዞራቸው አይቻለሁ።

«ደከመኝ ብሎ ለሐኪም መናገር ነውር ነው»

እዚህ አገር መቻል ይከበራል፤ ሐኪም ፊት ደግሞ «ደህና ነኝ» ይባላል። በዚህ ምክንያት ሰዓቱ ወይም መጠኑ ቢስተካከል የሚቀልለው ድካም ሳይነገር ቀርቶ ኪኒኑ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ይህ ያሳዝነኛል።

ኪኒኑን ከእናትየዋ አልተቀበልሁም። በአንዲት ወረቀት ላይ ልጃቸው ኪኒኑን የምትውጥበትን ሰዓት፣ የምትነሳበትን ሰዓት፣ ድካሙ በቀን ውስጥ መቼ እንደሚበረታ፣ ከመድኃኒቱ በፊት እንዴት እንደነበረችና ሌላ የምትወስደው መድኃኒት ካለ እንዲጻፍ አምስት መስመር አሰመርሁላቸው። ሁለቱን እዚያው ሞላንላቸው። ወረቀቷን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯትና፣ ቀጠሮዋ ገና ሦስት ሳምንት ቢቀረውም በማግስቱ ጠዋት ልጃቸውን ወደ ሐኪሟ ይዘዋት እንደሚሄዱ ነግረውኝ ወደ አዘዞ ታክሲ አመሩ።